የሩብ ሰዓት ዘይት

የሞተር ዘይት ዋና ሥራ ብረት ብረትን እንዳይነካ ማድረግ ነው። ሞተር ሲሽከረከር ኮሎው ብሮንዚናው ላይ በቀጥታ አያርፍም፤ በመካከላቸው እጅግ የቀጠነ የዘይት ሽፋን ይገባና ብረቱ በዚያ ላይ ይንሳፈፋል። ያው ዘይት የራዲያተር ውሃ የማይደርስበትን የፒስተን ሆድ ያቀዘቅዛል፤ ጥላሸትና የብረት ብናኝ አቅፎ ወደ ፊልትሮው ይወስዳል፤ ከቃጠሎ የሚመጣውን አሲድ ያከሽፋል፤ በፒስተን ፋሻና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል የቀረችውን ክፍተት ይደፍናል። በተራ የቤት መኪና ውስጥ ይህን ሁሉ የሚሠራው ከአራት እስከ አምስት ሊትር የሚሆን ፈሳሽ ነው።

ዘይት የሚቀየረው ስለሚያረጅ ነው። ሙቀትና አየር እየተጋገዙ ያወፍሩታል። በቀዝቃዛ ጠዋት ያልተቃጠለ ቤንዚን በፋሻው በኩል ሾልኮ ይቀላቀልበታል፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የቃጠሎው እንፋሎት ውሃ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ፋብሪካው የጨመረበት ማጽጃና መከላከያ ቅመምም ቀስ በቀስ ያልቃል። ቀለሙ ግን ብዙ አይናገርም። ብዙ ሰው ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሽቶ «ጠቁሯል፣ ይቀየር» ይላል፤ ዘይት የሚጠቁረው ግን ጥላሸቱን ይዞ ስለሚዞር፣ ማለትም ሥራውን ስለሚሠራ ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ከሰል ይመስላል፤ ያም ሆኖ ገና ብዙ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል።

በጣሳው ላይ የሚጻፈው 5ደብሊው-30 ወይም 15ደብሊው-40 የሚባለው ምልክት የዘይቱን ውፍረት ይነግራል። የፊተኛው ቁጥር በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ያሳያል። የዛሬ አምራቾች ነዳጅ ለመቆጠብ 0ደብሊው-20ን፣ አንዳንዶቹም ከዚያ የቀጠነውን 0ደብሊው-16ን ያዛሉ። «ወፍራም ዘይት ለሞተር ጤና ነው» የሚለው የድሮ ሹፌሮች እምነት በድሮ ሞተር ላይ የተመሠረተ ነው፤ የአዲሱ ሞተር የዘይት መተላለፊያና የቫልቭ ማስተካከያ የተሠራው ለቀጭን ዘይት ነው። ክርክሩን የሚዘጋው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ በአብዛኛው መኪና ውስጥ ከነላስቲኩ ሳይገለጥ ይኖራል።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው፦ ቡሎን መፍታት፣ አሮጌውን ማፍሰስ፣ ፊልትሮ መቀየር፣ ቡሎኑን መልሶ ማጥበቅ፣ አዲሱን መሙላት፣ መለካት። ይህን የሚያህል ቀላል ሥራ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ የሆነው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ከዘይት ይልቅ ከነዳጅ ማደያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

እስከ 1970ዎቹ ድረስ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ነዳጅ ማደያ የተሟላ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ቀጂው መስታወት ይጠርጋል፣ ኮፈን ከፍቶ ዘይት ይለካል፣ ጎማ ያያል፤ ከነዳጅ መቅጃው ጎን ባለችው አንድ ወይም ሁለት በር ያላት ጋራዥ ውስጥ ደግሞ መካኒክ አለ። የ1973ቱ የነዳጅ እገዳ ከመጣ በኋላ ብዙ ማደያዎች ተዘጉ። የቀሩትም ደንበኛው ራሱ እንዲቀዳ አደረጉ፤ ጋራዡን አፍርሰው በቦታው ቡናና ለስላሳ መሸጫ ሱቅ ከፈቱ። በዚህ መካከል ዘይት ቅየራ ቤት አጣ። የመኪና ሻጭ ድርጅቶች «መኪናውን ጠዋት አስረክበህ ማታ ውሰድ» ይላሉ፤ የሰፈሩ ጋራዥ ደግሞ ሞተር የሚያወርድበትን ቦታ ለአንድ ፊልትሮ መያዝ አይፈልግም።

ይህን ክፍተት ከሞሉት መካከል ስሙ የገነነው ጂፊ ሉብ ነው። ዩታ ውስጥ ትንሽ ሆኖ የተጀመረውን ድርጅት በ1979 ጂም ሂንድማን የተባለ የሜሪላንድ ነጋዴና የኮሌጅ ፉትቦል አሠልጣኝ ከአጋሮቹ ጋር ገዝቶ መቀመጫውን ወደ ባልቲሞር አካባቢ አዛወረው። የሸጠው ነገር ጊዜ ነበር፦ ቀጠሮ የለም፣ መኪና አስረክቦ መሄድ የለም፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አልቋል። ስሙን ለሌሎች እያከራየ በ1980ዎቹ በመላው አገሪቱ ተስፋፋ። ከዚያ ወደ ዘይት አምራቹ ፔንዞይል እጅ ገባ፤ በ2002 ሼል ፔንዞይልን ሲጠቀልል አብሮ ተጠቀለለ። ዘይት አምራቾች የቅየራ ጣቢያዎችን የፈለጉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የራሳቸውን በርሜል የሚያራግፉበት አስተማማኝ በር ነውና።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የቫልቮሊን ታሪክ ነው። ድርጅቱ በ1866 የተመሠረተ፣ ከመኪና መፈልሰፍ በፊት ለእንፋሎት ሞተር ዘይት ይሠራ የነበረ ነው። በ1980ዎቹ ወደ ፈጣን ቅየራ ገባ። በ2023 ማርች ወር ደግሞ ዘይት የማምረትና የመሸጥ ዘርፉን በሙሉ ለሳዑዲው አራምኮ በ2.65 ቢሊዮን ዶላር አስረክቦ የቅየራ ጣቢያዎቹን ለራሱ አስቀረ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በዘይት የኖረ ድርጅት ዘይቱን ሸጦ ቅየራውን ሲያስቀር ትርፉ የት እንዳለ መናገሩ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የአሜሪካ ከተማ ዳር ያለ ጣቢያ ምን እንደሚመስል ማየት ሥርዓቱን ለመረዳት ይጠቅማል። በሮቹ ከፊትም ከኋላም ክፍት ናቸው፤ መኪናው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። አንድ ወጣት በሁለት እጁ ምልክት እየሰጠ ሹፌሩን ቀጥ አድርጎ ያስገባዋል፤ ጥንቃቄው ከመሬቱ መካከል በርዝመት የተቆፈረ ጉድጓድ ስላለ ነው። መኪና በማንሻ ማንሳትና ማውረድ ደቂቃዎች ይበላል። ጉድጓድ ካለ ግን መኪናው ባለበት ይቆማል፣ ሰው ከሥሩ ይገባል። ሹፌሩ አብዛኛውን ጊዜ ከወንበሩ አይነሳም። ሞተር ያጠፋል፣ ኮፈን የሚከፍተውን ይስባል፣ ስልኩን ያያል።

ከዚያ ሥራው በሁለት ይከፈላል። የላይኛው ሠራተኛ ኮፈኑን ይከፍታል፣ የአየር ፊልትሮውን ያወጣል፣ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ይሞላል፣ ጎማ ይነፋል። የታችኛው ቡሎኑን ይፈታል፤ ጥቁሩ ዘይት በመቀበያው ገብቶ ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል። ሁለቱ ስለማይተያዩ ይጠራራሉ። «ቡሎን ጠብቋል!» ይላል የታችኛው። «ቡሎን ጠብቋል!» ብሎ የላይኛው ይመልሳል። ፊልትሮውም እንዲሁ በጩኸት ይረጋገጣል። ከውጭ ለሚያየው ቀልድ ይመስል ይሆናል፤ የጣቢያው ዋና መድን ግን ይህ ጩኸት ነው። ቡሎን ሳይጠብቅ አምስት ሊትር ከላይ የሚያፈስ ሰው የሚያጠፋው ዘይት ብቻ አይደለምና። ዘይቱ የሚመጣው ከትልቅ በርሜል በቱቦ፣ በመለኪያ ነው። በመጨረሻም ሞተሩ ይነሳል፣ ግፊቱና መፍሰስ አለመፍሰሱ ይታያል፣ በመስታወቱ ጥግ «ቀጣይ ቅየራ» የሚል ተለጣፊ ይለጠፋል።

መኪናው ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። የላይኛው ሠራተኛ የአየር ፊልትሮውን እንደ ትሪ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሹፌሩ መስኮት ይመጣል። በላዩ ቅጠል፣ አቧራ፣ አንዳንዴ የሞተ ነፍሳት አለ። «ጌታዬ፣ ይህን ዛሬ ብንቀይርልዎትስ?»

የንግዱ ልብ ይቺ ጥያቄ ናት። ደንበኛውን በኩፖን የሚያስገባው ቅየራ ብቻውን ብዙ አያተርፍም፤ ትርፉ ያለው ከዚያ በላይ በሚጨመረው ላይ ነው፦ የሞተር አየር ፊልትሮ፣ የውስጥ አየር ማጣሪያ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ «የነዳጅ መስመር ማጽጃ»። አንዳንዱ በእርግጥ ጊዜው ደርሷል። ሌላው በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ጭራሽ የለም። ሞተርን በኬሚካል ማጠብ የሚባለው አገልግሎት በዚህ ረገድ ደጋግሞ ይነሳል፤ ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት ሞተር አያስፈልገውም፤ ለዓመታት የተዘነጋ ሞተር ላይ ደግሞ የተጋገረውን ቆሻሻ በአንዴ አላቅቆ መተላለፊያውን ሊደፍን ይችላል። የውስጥ አየር ማጣሪያው ዋጋ ደግሞ ያስቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከተሳፋሪው ፊት ካለው ሳጥን ጀርባ ይቀመጣል፣ በብዙ መኪኖች ያለ ምንም መፍቻ ይወጣል፣ በመለዋወጫ ሱቅ ከአሥር እስከ ሃያ ዶላር ይገኛል፤ በጣቢያው ግን ሃምሳ ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠየቅበታል።

ከዚህ የባሰም ታይቷል። በ2006 አንድ የሎስ አንጀለስ ቴሌቪዥን ጣቢያ ምልክት ያደረገባቸውን መኪኖች ከስውር ካሜራ ጋር ልኮ፣ የታወቀ ሰንሰለት አንዳንድ ቅርንጫፎች ያልሠሩትን ሥራ ሠርተናል ብለው ሲያስከፍሉ አሳይቷል። ያ ዘገባ በእያንዳንዱ ጣቢያ ላይ የሚመሰክር አይደለም። ያሳየው ነገር፣ ደንበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ ሥራው ከእግሩ በታች ሲያልቅ፣ መሠራቱን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ መሆኑን ነው።

ስህተቱ ከማጭበርበር ይልቅ ከችኮላ የሚመጣበት ጊዜ ይበዛል። በጣቢያዎቹ የሚሠሩት ብዙዎቹ በሰዓት የሚከፈላቸው ጀማሪዎች ናቸው፤ ጎበዙ ቶሎ ወደ ተሻለ ጋራዥ ይሄዳል። በቀን በርካታ ዓይነት መኪና ይገባላቸዋል፤ የአንዱ ቡሎን ከፊት፣ የሌላው ከኋላ ነው። በሱባሩ መኪኖች ላይ ደጋግሞ የሚደርስ ስህተት አለ፦ ከሥር ያለውን የካምቢዮ ማፍሰሻ የሞተሩ መስሏቸው ይፈታሉ። ካምቢዮው ባዶውን ይቀራል፣ ያልፈሰሰው ሞተር ደግሞ በላዩ አዲስ ዘይት ተጨምሮበት እጥፍ ይሆናል። ሹፌሩ የሚያውቀው መኪናው መጎተት ሲያቅተው ነው።

ሁለተኛው ስህተት የጎማ ቀለበት ነው። የፊልትሮው ቀለበት አንዳንዴ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ሠራተኛው ሳያይ አዲሱን ከነቀለበቱ በላዩ ያጠብቃል። ሁለት ቀለበት ግፊት አይችልም። ቆሞ ሲታይ አይፈስም፤ በፈጣን መንገድ ላይ ግን ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተተፍቶ ያልቃል። ሦስተኛው በአየር ግፊት መፍቻ ከልክ በላይ የጠበቀ ቡሎን ነው። ብዙ ዘመናዊ የዘይት ቋቶች አሉሚኒየም ናቸው፤ ጥርሳቸው ቶሎ ይበላል። ለብዙ የቶዮታ ኮሮላ ሞተሮች የታዘዘው 37 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ በአጭር መፍቻ በእጅ ጫን ብሎ ከማጥበቅ ብዙም አያልፍም። ጥርሱ የተበላው ግን የሚታወቀው በሚቀጥለው ቅየራ ስለሆነ፣ ማን እንዳበላሸው ማረጋገጥ አይቻልም። ከእነዚህ ስህተቶች በአንዱ ዘይቱ አልቆ በዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የዘይት ምልክት ሲበራ «እስከ ቤት ልድረስ» ማለት ሞተር ማስነከስ ነው፤ ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት ብቻ ነው መፍትሔው።

በገዛ እጅ የሚቀይር ሰው እነዚህን ስህተቶች ሁሉ ራሱም ሊሠራ ይችላል። ልዩነቱ የሚያጠብቀው አንድ መኪና ብቻ መሆኑና፣ ካበላሸም በዚያው መኪና የሚሄደው እሱ ራሱ መሆኑ ነው።

አሠራሩ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሞቃል፤ ለብ ያለ ዘይት በደንብ ይፈሳል፣ የፈላ ዘይት ግን እጅ ይልጣል። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ በሁለት መወጣጫ ላይ ይወጣል፣ ወይም በክሪክ ተነስቶ በብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ የኋላ ጎማ ይታገዳል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር መግባት በየትኛውም ምክንያት አይፈቀድም፤ ክሪክ ለማንሳት እንጂ ተሸክሞ ለመቆየት አልተሠራም። ጓንት ይደረጋል፤ ያገለገለ ዘይት ለቆዳ ጎጂ ነው። ከላይ የመሙያው ክዳን ይከፈታል፣ ከሥር ሰፊ መቀበያ ይቀመጣል። ቡሎኑ በመፍቻ ይላላል፣ ከዚያ በጣት እየተገፋ ይዞራል፤ የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ እጅ ቶሎ ይሸሻል። የመጀመሪያው ፍንጣቂ ሁልጊዜ ከተገመተው ርቆ ነው የሚያርፈው፤ መቀበያውን ወደዚያ ጠጋ ማድረግ ልምድ የሚያስተምረው ነገር ነው።

ዘይቱ ጠብታ እስኪሆን ይጠበቃል። ቡሎኑ በአዲስ ቀለበት ይመለሳል፣ መጀመሪያ በጣት፤ በጣት ያልገባ ቡሎን በመፍቻ አይገፋም። አሮጌው ፊልትሮ ይወጣል፣ ቀለበቱ አብሮት መውጣቱ በዓይን ይታያል። የአዲሱ ቀለበት በጥቂት ዘይት ይታሻል፤ ሞተሩን ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት ሩብ ዙር ያህል ይጠብቃል። መፍቻ ለማውጣት እንጂ ለማጥበቅ አይደለም። አዲሱ ዘይት ከታዘዘው ጥቂት ተቀንሶ ይሞላል፣ ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ዘይቱ ወደ ቋቱ እስኪወርድ ይጠበቃል፣ በመለኪያው ዘንግ እየታየ ይሟላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግማሽ ቀን ይበላል ማለት ይቻላል፤ የለመደ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እጁን ታጥቦ ይጨርሳል።

ሁሉም መኪና ለዚህ ይመቻል ማለት አይደለም። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ከሥር በፕላስቲክ ሽፋን ተደፍነዋል፤ ሽፋኑን የያዙት መቆለፊያዎች ይሰበራሉ። በሌላ በኩል በአንዳንድ የመርሴዲስ ሞተሮች ፊልትሮው ከላይ ስለሆነ ዘይቱን በመለኪያው ቀዳዳ በፓምፕ ስቦ ማውጣት ይቻላል፤ ከሥር መግባት አያስፈልግም። መኪናውን ከሥሩ የሚያይ ባለቤት ግን ሌላ ጥቅም ያገኛል። የተቀደደ የአክስል ጎማ፣ ከውስጥ በኩል የተበላ ጎማ፣ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ፣ የሳሳ የፍሬን ሸራ ይታየዋል። የጣቢያው ሠራተኛም ያየው ይሆናል። ግን ያ ጣቢያ የማይሠራው ከሆነ ላይናገር ይችላል።

ገንዘቡን ማስላት ቀላል ነው፤ መልሱ ግን ለሁሉ አንድ አይደለም። በአሜሪካ አምስት ሊትር ገደማ የሚይዝ የሙሉ ሲንተቲክ ዘይት ጣሳ በትልልቅ መደብሮች ከሃያ አምስት ዶላር ዙሪያ ጀምሮ ይገኛል፤ ፊልትሮ ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት ዶላር ነው። በጣቢያ ያው ቅየራ ከሰማንያ እስከ መቶ ሃያ ዶላር ይደርሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚቀይር የቢሮ ሠራተኛ መቶ ሠላሳ ዶላር ያህል ያተርፋል፤ ከዚያ ላይ የክሪክ፣ የመደገፊያ፣ የመቀበያና የመፍቻ ወጪ ሲቀነስ የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ዜሮ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። በዚያ አካባቢ ኢትዮጵያውያን በታክሲ ሥራ ለአሥርት ዓመታት ስለቆዩ ሒሳቡን ጠንቅቀው የሚያውቁት ብዙ ናቸው። በሳምንት 1,000 ማይል የሚነዳ ሹፌር በዓመት 52,000 ማይል ይነዳል፤ በየ5,000 ማይሉ ከቀየረ በዓመት አሥር ጊዜ ነው። በጣቢያ አንድ ሺህ ዶላር፣ በቤት ሦስት መቶ ሃምሳ። ልዩነቱ ለአሥር ሰዓት ያህል ሥራ ስድስት መቶ ሃምሳ ዶላር ነው፤ ይህን የሚከፍል ተሳፋሪ የለም።

ችግሩ ቦታ ነው። የብዙ አፓርትመንት ኪራይ ውል በመኪና ማቆሚያው ላይ ጥገና ይከለክላል። ክረምቱም በረዶ ነው። ብዙዎች ሦስተኛ መንገድ ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው፦ ዘይቱንና ፊልትሮውን ራሳቸው ገዝተው በሀገር ልጅ ጋራዥ ለእጅ ዋጋ ብቻ ከፍለው ያስቀይራሉ፤ ዘይቱን ያውቁታል፣ ሥራውንም አጠገቡ ቆመው ያያሉ። በዚህ ጽሑፍ ከተነሱት አማራጮች ለከተማ ሹፌር የተሻለው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በየስንት ይቀየር የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት የተመለሰው በጣቢያው ተለጣፊ ነበር፦ በየ3,000 ማይል፣ ማለትም በ4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቁጥሩ ለአሮጌ ሞተርና ለአሮጌ ዘይት ልክ ነበረ። የካሊፎርኒያ ግዛት የቆሻሻ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ግን ይህን ልማድ በግልጽ «ተረት» ብሎ ዘመቻ ከፍቶበታል፤ ያለ ጊዜው የሚፈሰው ዘይት ለግዛቱ ብክለት ነውና። ቶዮታ 0ደብሊው-20 ሲንተቲክ ለሚጠቀሙ ብዙ ሞዴሎቹ 10,000 ማይል ወይም አንድ ዓመት፣ የትኛውም ቢቀድም፣ ይላል። ሌሎች ደግሞ የሞተሩን ዙርና ሙቀት እየቆጠረ የቀረውን የዘይት ዕድሜ በመቶኛ የሚያሳይ ኮምፒውተር ይሰጣሉ።

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ግን ሌላ ገጽ አለው፤ «አስቸጋሪ ሁኔታ» ይለዋል። አጫጭር ጉዞ፣ አቧራ፣ ሞተር ሳያጠፉ ረጅም ጊዜ መቆም፣ ከባድ ጭነት ካለ በሁለት ቅየራ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ይቀነሳል። ታክሲ፣ ምግብ አድራሽ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያመላልስ መኪና ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። አብዛኛው ሰው የራሱን አነዳድ «ተራ» አድርጎ ይቆጥራል፤ መጽሐፉ ግን «አስቸጋሪ» ብሎ መዝግቦታል።

የተበላሸ ዘይት የሚያስከትለውን ለማሳየት የቶዮታ ምሳሌ ይበቃል። ከ1997 እስከ 2002 ከተሠሩት፣ በአሜሪካ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ከሆኑት የቶዮታና የሌክሰስ መኪኖች በአንዳንዶቹ ውስጥ ዘይት ወደ ጥቁር ጭቃ እየተለወጠ ሞተር መግደል ጀመረ። ኩባንያው በመጀመሪያ ባለቤቶች ዘይት በጊዜው ባለመቀየራቸው ነው አለ፤ በ2002 ግን ለጥገናው የተራዘመ ሽፋን ሰጠ። ከሽፋኑ ለመጠቀም ባለቤቱ ዘይት ይቀይር እንደነበር የሚያሳይ አንዳች ማስረጃ ማቅረብ ነበረበት። ደረሰኝ ያልያዘ ሰው የተቸገረው ያኔ ነው።

ደረሰኙ የሚነሳው ከዋስትና ጋር ነው። በ1975 የወጣው ማግኑሰን–ሞስ የተባለው የአሜሪካ ሕግ፣ መኪናው በሻጩ ጋራዥ ስላልተጠገነ ብቻ ዋስትናው እንዲቀር አይፈቅድም። በገዛ እጅ የቀየረም ዋስትናው ይጠበቅለታል። ግን መቀየሩን ማሳየት አለበት፦ የዘይቱና የፊልትሮው ደረሰኝ፣ ቀኑና ማይሉ የተጻፈበት ማስታወሻ። በዚህ ነጥብ ላይ ጣቢያው ብልጫ አለው፤ መዝገቡን ኮምፒውተሩ ይይዝለታል።

በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ መንገድ ሄዷል። ነዳጅ ማደያው ጋራዡን አላፈረሰም፤ ዘይት ቅየራ፣ ግሪስና እጥበት ዛሬም በማደያው ግቢ ውስጥ ናቸው። ደንበኛው ከወንበሩ ላይ ሆኖ አይጠብቅም። የታሸገውን ጣሳ ራሱ ይመርጣል፣ ማኅተሙ ሳይከፈት ያያል፣ ሲፈታና ሲሞላ ራሱ አጠገቡ ይቆማል፤ ባዶ ጣሳውን ይዞ የሚሄድም አለ። ምክንያቱ የተጭበረበረ ዘይት ነው፦ ባዶ የታወቀ ጣሳ ሰብስቦ ያልታወቀ ነገር ሞልቶ መሸጥ። የሚቀጥለው ኪሎ ሜትር በትንሽ ካርድ ተጽፎ ይሰጣል፤ አብዛኛው ሰው 5,000 ኪሎ ሜትርን መለኪያው ያደርጋል። ለአቧራማው መንገድና ለአዲስ አበባ መጨናነቅ ይህ ልማድ ከመጽሐፉ «አስቸጋሪ ሁኔታ» ብዙም አይርቅም። ለመቆጠብ ሲባል ዘይቱን ቀይሮ ፊልትሮውን ለሚቀጥለው ማሳደር ግን ልማድ ቢሆንም ትርፍ የለውም፤ በአሮጌው ፊልትሮ ውስጥ የቀረው ጥቁር ዘይት ሞተሩ በተነሳበት ቅጽበት ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች የሞተር ዘይት የላቸውም፤ የማርሽ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽና የውስጥ አየር ማጣሪያ ግን አላቸው። በመንገድ ላይ ያሉት ቪትዞች፣ ኮሮላዎችና ሚኒባሶች ደግሞ ገና ለብዙ ዓመታት ዘይት ይፈልጋሉ።

ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ የሚቀረው አሮጌው ዘይት ነው። በኢትዮጵያ የተቃጠለ ዘይት ይባላል፤ ገዢም አለው። ኮንክሪት እንዳይጣበቅ የፎርምወርክ እንጨት ይቀባበታል፣ ምስጥ እንዳይበላው የአጥር ምሰሶ ይነከርበታል። የተቀባው ቀስ በቀስ ወደ አፈሩና ወደ ውሃው ይወርዳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንድ ጋሎን ያገለገለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ዘይቱ አይሞትምና ተጣርቶ እንደገና ዘይት ይሆናል፦ ከአንድ ጋሎን አሮጌ ዘይት የሚገኘውን የሞተር ዘይት ያህል ከድፍድፍ ለማውጣት 42 ጋሎን ያስፈልጋል ይላል ያው መሥሪያ ቤት።

ጣቢያው ይህን ጣጣ ከደንበኛው ላይ ያነሳለታል፤ ዘይቱ ከጉድጓዱ በቀጥታ ወደ ማጠራቀሚያ ይገባል። በቤት የሚቀይር ሰው ግን ራሱ ይወስደዋል። በአሜሪካ ትልልቆቹ የመለዋወጫ ሱቆች በአብዛኛው በነጻ ይቀበላሉ፤ በኒውዮርክ ግዛት ደግሞ ብዙ ዘይት የሚሸጡና የሚቀይሩ ድርጅቶች ከአንድ ሰው በቀን እስከ አምስት ጋሎን የመቀበል ግዴታ አለባቸው። ፊልትሮውም ብረት ስለሆነ ይሰበሰባል፤ አናቱ ተበስቶ፣ ሙቀት እንዳለው ተዘቅዝቆ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲንጠፈጠፍ ይመከራል። ዘይቱ በሚከደን ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይሆናል። የራዲያተር ፈሳሽ፣ የፍሬን ማጽጃ ወይም ቤንዚን ከተቀላቀለበት ሱቁ አይቀበለውም፤ ድብልቁ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ተቆጥሮ ማዘጋጃ ቤቱ ለዚያ ወዳዘጋጀው ቦታ መወሰድ አለበት።